የጋሽ ወንድይፍራው ማረጋገጫ፦ ከሐዋሳ ወደ ደብረ ብርሃንና አንኮበር

ከጉዞው ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ሐዋሳ ያሉ ባልደረቦቼ «የደብረ ብርሃኑ ስብሰባ እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ብርድ ነበር» ብዬ አልፋቸዋለሁ። ስለ ሒሳብ መሠረቶች የተደረገ ስብሰባን በሻይ ሰዓት ማውራት አይቻልም። ነገር ግን ዝም ማለቱም ስላላስቻለኝ የሆነውን በየቀኑ ተራ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ወደዚያ ሀገር ሄዶ የማያውቅ፣ ምናልባትም የማይሄድ ሰው ጋሽ ወንድይፍራውን ቢያውቃቸው ደስ ይለኛል።

ሰኞ

ከሐዋሳ የተነሳሁት ማለዳ ነው። ሚስቴ ወፍራም ሹራብና ሁለት ካልሲ ሻንጣዬ ውስጥ ከትታልኝ «ያደግክበትን ብርድ ረስተኸዋል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሐይቅ ዳር ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው ብርድ የሚለውን ቃል እንጂ ብርዱን አያስታውስም።

ደብረ ብርሃን ያደግኩት በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ ከወላይታ መጥቶ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ሽመና ላይ ይሠራ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ሐዋሳ ሌላ ሥራ አገኘና ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ተመልሼ አላውቅም። ከዚያ ከተማ ይዤ የወጣሁት አንድ ነገር ቢኖር ስድስት ገጽ ጽሑፍ ነው፤ በእስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ የደበዘዘ። የሒሳብ መምህራችን ጋሽ ወንድይፍራው ቅዳሜ ቅዳሜ በፈቃዳችን ለምንመጣ ተማሪዎች የሚያስተምሩት ነበር።

ጽሑፉ ውስጥ ያለው ማረጋገጫ የራሳቸው ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ብዙ ነገሮች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱም ከበታቹ ቢያንስ አንድ ሌላ ነገር አለው። እንግዲያው ከመካከላቸው ከአንዱ ተነስተን፣ ማለቂያ የሌለው ወደ ታች የሚወርድ ሰንሰለት መሥራት እንችላለን። ከሥሩ «ይህ ማረጋገጫ ሌላ ምንም እሳቤ አይፈልግም» ብለው ጽፈው ሁለቴ አስምረውበታል፤ እሳቤ የሚሉት ሳይረጋገጥ እንደ እውነት የሚወሰድን ነገር ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከዚያ የበለጠ የሚያምር ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ሒሳብ ያጠናሁትም በዚያ ምክንያት ነው።

የደረሰኝ የስብሰባ ጥሪ እያንዳንዱ ተሳታፊ አንድ ማረጋገጫ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃል። ታይፕ ቲዎሪ በሚባለው ቋንቋ ተጽፎ ኮምፒውተር ይፈትሸዋል ተባለ። እኔ ለምሕንድስና ተማሪዎች ካልኩለስ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ታይፕ ቲዎሪ የማውቀው ስሙን ነው። ግን ወዲያው የጋሽ ወንድይፍራው ጽሑፍ ትዝ አለኝ። አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጡረታ ወጥተው ትውልድ ቦታቸው አንኮበር እንደገቡ ነግሮኝ ስልካቸውን ሰጠኝ። ደወልኩላቸው። «ማረጋገጫዎን ኮምፒውተር እንዲመሰክርለት አድርጌ ይዤልዎት እመጣለሁ» አልኳቸው። «እስቲ እንግዲህ፣ እግዜር ያገናኘን» አሉ።

ያን ቀን አዲስ አበባ እህቴ ቤት አደርኩ። ሻንጣዬን እንጂ ስድስቱን ገጽ ከእጄ አልለየሁም።

ማክሰኞ

ከላምበረት መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። ሻንጣዬ ጣሪያው ላይ ተጫነ፤ ጽሑፉ በፕላስቲክ ማኅደር ጭኔ ላይ ነበር። ከአጠገቤ የተቀመጡ ቄስ ሸኖ ላይ ቅቤ እንድገዛ መከሩኝና ቤቴ ሐዋሳ መሆኑን ስነግራቸው «እስክትደርስ ይቀልጥብሃል፣ ተወው» ብለው ሐሳባቸውን ቀየሩ። ከሸኖ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። በኛ በኩል ጥቅምት እንኳ አረንጓዴ ነው፤ እዚህ ገብሱ ቢጫ ሆኖ፣ በጎቹ በአጨዳው ጠርዝ ተኮልኩለው፣ ሰማዩ ዝቅ ብሎ ይታያል። የአባቴ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ። «ይሄ ሀገር ጣሪያው ቅርብ ነው» ይል ነበር።

ጫጫ ላይ ሰዎች ወረዱ፣ ዕቃ ወረደ። ደብረ ብርሃን ደርሼ ሻንጣዬን ስጠይቅ ረዳቱ የእኔን የሚመስል ጥቁር ሻንጣ አቀበለኝ። ስከፍተው የሕፃን ልብስና አንድ ኪሎ የሚሆን በሶ ወጣ። ሹራቤም፣ ካልሲዬም ጫጫ ቀርተዋል። ረዳቱ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ወይኔ! ነገ ይመጣልዎታል ጋሼ፣ በእናቴ!» አለ። ነፋሱ ግን ነገን የሚጠብቅ አልነበረም።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ባለቤት እትዬ በላይነሽ ይባላሉ፤ ሟች ባላቸው የፋብሪካው ሾፌር ነበሩ፤ አባቴም እዚያው ይሠራ እንደነበር ነገርኳቸው። በስስ ጃኬት ስንቀጠቀጥ ሲያዩኝ ምዝገባውን ትተው ወደ ጓዳ ገቡና የባላቸውን ካፖርትና የመንዝ ባና ይዘው ወጡ።

«ልበሰው፤ ለብል ነው ያስቀመጥኩት» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ የባለቤትዎ ማስታወሻ…»

«ማስታወሻነቱን ለብሰኸው አየዋለሁ። አባትህ ማነው ያልከኝ?»

የአባቴን ስም ስነግራቸው አላወቁትም፤ «ወላይታው ሸማኔ» ስል ግን አወቁት። የበግ መረቅ አቀረቡልኝ። ሐዋሳ ላይ አንሶላ ገፍቼ ነው የምተኛው፤ እዚህ ባናው ደረቴ ላይ እንደ ሰው ከብዶ፣ ሽታው የአባታችንን ቤት እያስታወሰኝ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ረቡዕ

ስብሰባው የተደረገው አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ወደ አርባ እንሆናለን፣ አብዛኞቻችን ከየዩኒቨርሲቲው የመጣን መምህራን። ጠዋት ያስተማረችን ሰሚራ የምትባል ወጣት ነበረች። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። አልዩ አምባ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች ናት። ጥቁር ሻርፕ አድርጋ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ አርባ ሰው ዝም አሰኘች።

«ስንማር 'አለ' ካልን ይበቃን ነበር» አለች። «ይህ ዓይነት ቁጥር አለ፣ ይህ ዓይነት ነጥብ አለ፤ ጨረስን። እዚህ ግን 'አለ' ያለ ሰው 'የታለ?' ይባላል። ማረጋገጫ ማለት ወሬ አይደለም፣ ዕቃ ነው። ሠርታችሁ እጄ ላይ ማስቀመጥ አለባችሁ።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሒሳብ ሳይሆን ፖሊስ ጣቢያ ነው!»

«ፖሊስስ ጉቦ ይቀበላል ፕሮፌሰር፣ ይሄ አይቀበልም» አለችና ሁላችንንም አሳቀችን።

ምሳ የጾም ነበር። ሽሮው ከሐዋሳው ይወፍራል፤ ትኩስነቱ ግን እዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ እንደ መድኃኒት ነው። ከሰዓት በኋላ የየራሳችንን ማረጋገጫ መጻፍ ጀመርን። መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ሲጨልም ሰሚራ ጠመኔ አንስታ ሰሌዳ ላይ ቀጠለች። እኔም በሰው ካፖርት ተጠቅልዬ፣ ጣቶቼ ደንዝዘው፣ የጠመኔውን ድምፅ እየሰማሁ የቅዳሜው ክፍል ውስጥ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ሲጽፉ ጠመኔውን አጥብቀው ስለሚይዙ ይሰበርባቸው ነበር።

መብራት ሲመለስ የእኔ ተራ ደረሰ። ሰሚራ አጠገቤ ተቀምጣ ከስድስቱ ገጽ እያየች ጻፈችው። አንደኛው መስመር አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። መልሳ ሞከረች፤ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«መኖሩን ነግረነዋል መምህር። 'አንዱን እንውሰድ' ስንለው ግን እጁ ላይ የሰጠነው ነገር የለም። መምረጫ ይፈልጋል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ለምሕንድስና ተማሪ በቀን ሦስቴ የምዘለው እርምጃ ነው። ብዙ የሒሳብ ሰው «መምረጥ ይቻላል» የሚለውን እንደ እሳቤ ተቀብሎ ያልፋል፤ ነውርም የለውም። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ምንም እሳቤ አይፈልግም ብለው ሁለቴ አስምረዋል።

«እሳቤውን ብንጨምርለት ያልፋል?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ያልፋል። ግን የእሳቸው ማረጋገጫ አይሆንም።»

«እኔ ኮምፒውተር መስክሮልዎታል ብዬ ልነግራቸው ነበር። ነገ ለጉብኝት አንኮበር ስንሄድ ይጠብቁኛል።»

ሰሚራ ኮምፒውተሩን ከደነችው። «እኔ ቀድሜ ምንም አልልም» አለች። «ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።»

ሐሙስ

ረዳቱ ቃሉን ጠብቆ ሻንጣዬን ጠዋት ፔንሲዮን አደረሰ፤ የሕፃኑንም ልብስ ወሰደ። ሹራቤን ብለብስም እትዬ በላይነሽ ካፖርታቸውን አልቀበልም አሉ፤ «አንኮበርን አታውቀውም» ብለው።

የስብሰባው ተሳታፊዎች ሁላችንም በኪራይ አውቶቡስ ሄድን። መንገዱ ሰላም መሆኑን አስተባባሪዎቹ ማልደው ጠይቀው ነበር፤ ይህ ስብሰባ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ከከተማው ወጥተን ሜዳውን እንደጨረስን መሬቱ በድንገት አለቀ። ጉሙ ከእግራችን በታች ነው። የጉሙ ቀዳዳ ሲከፈት ታች ሌላ ሀገር ይታያል፤ ቡናማ፣ ሙቅ፣ ሩቅ። ሰሚራ መስኮቱን በእጅጌዋ ጠርጋ «ያ አልዩ አምባ ነው» አለችኝ። «እናቴ አሁን ጉሙን እያየች 'እዚያ ላይ ምን ዓይነት ሰው ይኖራል?' ትላለች።»

ሌሎቹ የድሮውን ቤተ መንግሥት ቦታ ለማየት ኮረብታውን ሲወጡ እኔና ሰሚራ ወደ ጋሽ ወንድይፍራው ቤት አቀናን። በራፋቸው ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ያ ሰሌዳውን የሚሞላ ትከሻ ጠቧል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ድምፄን ሲሰሙ ግን «አንተ የብርድ ልብስ!» ብለው አቀፉኝ። ተማሪ ቤት ያወጡልኝ ስም ነው። እንባዬን ለመደበቅ ሰሚራን ማስተዋወቅ ጀመርኩ።

እህታቸው እሸት ባቄላ ቀቅለው አቀረቡልን። ስለ አባቴ ጠየቁኝ፤ ማረፉን ስነግራቸው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ነፍስ ይማር» አሉ። ስለ ሐዋሳ ጠየቁኝ፤ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥሬውን ይበላል ስላቸው እህታቸው አማተቡ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጊዜ ስገፋ ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ታዲያ፣ ማሽኑ ምን አለ?»

«ገና አልጨረስንም ጋሼ። መብራት ጠፍቶብን…»

ፊታቸውን ወደ ሰሚራ አዞሩ። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ አይደል የምታስተምሪው? አንቺ ንገሪኝ።»

ሰሚራ ባቄላውን አስቀመጠች። «ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሟል አባባ።»

«ሦስተኛው ምን ይላል? ዓይኔ አያነብም፣ አንብቢልኝ።»

ማኅደሩን ከፍታ አነበበች። «'ከእሱ በታች ካሉት አንዱን እንውሰድ።'»

የጋሽ ወንድይፍራው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ መስመሩን ለራሳቸው እየደገሙት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው «የትኛውን?» አሉ።

ዱላቸውን ይዘው ወጡና ግቢው ጫፍ ካለ ድንጋይ ላይ ወደ ገደሉ ዞረው ተቀመጡ። እህታቸው ዓይናቸውን ተክለውብኝ «ለዚህ ነው ከሐዋሳ ድረስ የመጣኸው?» አሉኝ። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ባልተፈጠረ አልኩ በልቤ።

ቆይቼ አጠገባቸው ሄድኩና ቆምኩ። «ጋሼ፣ ይቅርታ። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ነው። እኔም ሳላየው ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ።»

«አንተ አላየኸውም» አሉ ሳይዞሩ። «ያየው ሰው ግን ነበር።»

«ማነው?»

«ዓለምፀሐይ። በመስኮት በኩል ትቀመጥ የነበረችው። እጇን አውጥታ 'ጋሼ፣ የትኛውን?' አለችኝ። እኔ ማረጋገጫዬ ገና ትኩስ ነበር፣ በራሴ ሰክሬአለሁ። 'ያልገባሽን ከምታወሪ ተቀመጪ' አልኳት። ክፍሉ ሳቀባት።»

ትዝ አለኝ። ሙሉ በሙሉ ትዝ አለኝ፤ ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። እንዲያውም ከሁሉ የጮኸው ሳቅ የኔ ሳይሆን አይቀርም።

«ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ መጥታ አታውቅም» አሉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብርዱ ይሆናል፣ ሥራ ይዟት ይሆናል ስል ኖርኩ።»

ሰሚራ ከኋላችን ደርሳ ነበር። ጋሽ ወንድይፍራው ድምፅዋን ሲሰሙ ጎናቸው እንድትቀመጥ ድንጋዩን በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት። መሬት ላይ በዱላቸው ነጥብ እየሠሩ ማሽኑ ምን እንደሚቀበልና ምን እንደማይቀበል ይጠይቋት ጀመር። አውቶቡሱ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ አልተነሱም።

ማታ እራት ላይ እትዬ በላይነሽን ዓለምፀሐይ የምትባል፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የዩኒፎርም ሰፊዋን?» አሉ። «ከገበያው በላይ ነች። የኔን ቀሚስ ሁሉ እሷ አይደለች የምትሰፋው!» ወዲያው አንኮበር ደውዬ ለጋሽ ወንድይፍራው ነገርኳቸው።

ዓርብ

ጋሽ ወንድይፍራው በመጀመሪያው መኪና መጡ። ክራባት አስረዋል። የስብሰባው መዝጊያ ላይ አስተባባሪዎቹ ዕድል ሲሰጧቸው ሰሌዳው ፊት ቆመው ጠመኔውን እንደ ድሮው አጥብቀው ያዙ።

«ይህን ነገር ያለ ምንም እሳቤ አረጋግጫለሁ ብዬ ለብዙ ልጆች አስተምሬአለሁ» አሉ። «ተሳስቼ ነበር። አሁን የምችለው ያነሰ ነገር ነው። ነገሮቹ ሁሉ ተራ ቁጥር ካላቸው፣ አንዱ ከሌላው በታች መሆን አለመሆኑንም መፈተሽ ከተቻለ፣ ከአንድ ጀምሬ በተራ እፈትሻለሁ፤ መጀመሪያ ያገኘሁትን እወስዳለሁ። ያኔ የትኛውን ብትሉኝ መልስ አለኝ።»

ሰሚራ እየሰማች ትጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ተቀበለው። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ያ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቆመው ነው ያጨበጨቡት። ጋሽ ወንድይፍራው ግን ጭብጨባው ሳያልቅ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብለው «አሁን ውሰደኝ» አሉኝ። ሰሚራ ለጁምዓ ሰላት ስለምትቸኩል በር ላይ ተሰናበተችን። እጃቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ራሷን ዳሰሷት።

የስፌት ቤቱ በር ክፍት ነው። ከውስጥ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ሲንጀር ላይ አቀርቅራ ሰማያዊ ኮት ትሰፋለች። ቀና ስትል እኔን አላወቀችኝም። እሳቸውን ስታይ ግን እግሯ ከመርገጫው ላይ ቆመ፤ ተነስታ ወንበር ሳበች።

«ጋሼ? ምን እግር ጣለዎት?»

አልተቀመጡም። «ዓለምፀሐይ፣ አንድ ቅዳሜ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ተቀመጪ ብዬሽ ነበር። ታስታውሻለሽ?»

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «እንዴት እረሳለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም።»

«ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

እኔም ከኋላቸው ሆኜ «እኔም ከሳቁብሽ አንዱ ነኝ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። ዓለምፀሐይ አየችኝ፤ እሳቸውን አየች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ጨርቁን ከጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችው።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ላሳፍርዎት ብዬ አልነበረም። መልሱን ፈልጌ ነው። ለመሆኑ የትኛው ነበር?»

ጋሽ ወንድይፍራው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። ዓለምፀሐይ ልብስ የምታሰምርበትን ጠፍጣፋ ጠመኔ አቀበለቻቸው፤ ከግድግዳው ላይ ጥቁር የሱሪ ጨርቅ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው። አንደኛውን መስመር ጻፉ። ሁለተኛውን ጻፉ። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ጣቷን ጨርቁ ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ግን አልገባኝም» አለች።

«ጠይቂ» አሏትና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግተው ተቀመጡ።

የአዲስ አበባ ሚኒባሴ በዘጠኝ ሰዓት ይነሳ ነበር። እኔም የጨርቅ ጥቅል ላይ ቁጭ ብዬ ስሰማቸው አመለጠኝ።